ታንከሩና ስም ያልተጻፈበት ወረቀት

ትምህርት ቤታችን ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ነበር። እኔ የምመጣው ከመጋላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ፣ ጫማዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ አራግፌ፣ በዛፎቹ ጥላ ስር ሮጬ ለባንዲራ ሰልፍ እደርሳለሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ የጥይት ቀዳዳው ገና አልተደፈነም፤ እኛ ግን ለምደነው ስለነበር ዞር ብለን አናየውም።

በግቢው መካከል ከፍ ብሎ የቆመ የውሃ ታንከር ነበረን። ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ በተሠሩ አራት እግሮች ላይ የተቀመጠ ትልቅ ብረት ነው፤ ከስሩ ቧንቧ አለው። ድሬ ላይ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ጥላና ውሃ አንድ ቦታ ከተገኘ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው። በዕረፍት ሰዓት ግማሹ ተማሪ ታንከሩ ስር ይሰለፋል። የጠጣውም አይሄድም፤ እዚያው ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ያወራል። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ደብተራቸውን ተንተርሰው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

በጦርነቱ ጊዜ ፍንጣሪ ከአራቱ እግሮች አንዱን መትቶት ነበር። ኋላ በዘመቻ ተጠገነ። የተመታው ቦታ ላይ ብረት ተለጥፎ ተበየደ፣ እግሮቹ ሁሉ ቀይ ተቀቡ፣ ካድሬዎች መጥተው ሪባን ቆረጡ። እኛም ተሰልፈን ዘመርን፣ አጨበጨብን፣ ከረሜላ ተሰጠንና ወደ ቤታችን ሄድን።

በዚያው ዓመት የጥቆማ ሳጥንም መጣ። ከጣውላ የተሠራ፣ ከላይ ቀጭን ቀዳዳ ያለው፣ በትንሽ ቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን ነው። ከዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን በሰልፍ ላይ ስለ ሳጥኑ ሲያስረዳን፣ ጸረ አብዮተኛ የሆነ ተማሪም ሆነ አስተማሪ ካወቅን ጽፈን እንድንከት፣ ስማችንን መጻፍ ግዴታ እንዳልሆነ ነገረን። ወጣት ነበር፤ ካኪ ይለብሳል፣ ሲናገር ጣቱን ያነሳል። ከመምጣቱ ሁሉም ሰው ይፈራው ጀመር። አሁን ሳስበው እሱም የሚፈራው ሰው ነበረው።

ወደ ሳጥኑ የሚጠጋ ተማሪ አልነበረም። በአጠገቡ ስናልፍ እንፈጥናለን። የጫማው ማሰሪያ የተፈታበት እንኳ እዚያ ጎንበስ አይልም፤ ምክንያቱም አጠገቡ ቆሞ የታየ ልጅ በማግስቱ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ስም ይወጣለታል። ጥቆማ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። የእኛ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ስም በሌለው ወረቀት ተጠቁሞ ከተወሰደ በኋላ አልተመለሰም። እናቱ ከዚያ ወዲያ ሰው ሰላም ስትል እጇን አትሰጥም ነበር። ከጎረቤቶቿ መካከል የትኛው እጅ እንደጻፈው አታውቅማ።

የታንከሩን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ተራዬን ስጠብቅ ነው። ሻሼ ላይ የሆነ ነገር ሲረግፍብኝ ቀና አልኩ፤ ዝገት ነው። ያ የተበየደው እግር ላይ ቀለሙ ተፈርክሶ ስሩ ቡናማ ሆኗል። ወደ ታች ሳይ እግሩ ከሲሚንቶው መሠረት ለቆ ክፍተት ፈጥሯል። በእጄ የነበረውን ማስመሪያ ሰደድኩበት፤ ገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ማስመሪያውን ትቼ ጣቶቼን ሰደድኩ፤ እነሱም ገቡ። ታንከሩ ሞልቶ ንፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ነበረ፣ ማጠፊያው ዘይት ያልተቀባ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ዓይነት።

ለዘበኛው ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ የታንከሩ እግር ለቋል እኮ።»

«አይቻለሁ ልጄ» አሉ። «ለዚያ ለወጣቱ አስተማሪ ተናገርኩ። አብዮቱ የሠራው አይወድቅም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ። ሥራዬን እፈልገዋለሁ።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። መጋላ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኩት። አባቴ ሲደነግጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል።

«ጨሊሲ!» አለኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሪባን የተቆረጠለትን ነገር ተበላሽቷል ብትይ፣ ሪባኑን የቆረጠውን ሰውዬ እንደ መሳደብ ነው የሚቆጠረው። ገባሽ? ከስሩ አትቁሚ። ውሃ ከቤት ይዘሽ ሂጂ።»

«ሌሎቹ ልጆችስ?»

ጨርቁን መጠቅለል ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት ግን በጠርሙስ ውሃ ሞልቶ፣ አፉን በጨርቅ ወትፎ፣ ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

ለጥቂት ቀን የራሴን ውሃ እየጠጣሁ ከሩቅ ተቀመጥኩ። ከሩቅ መቀመጥ ጭራሽ ባሰብኝ። ሕፃናቱ እግሩን ተደግፈው ሲያንቀላፉ ይታዩኛል። አንዷ እንደውም ጀርባዋን ያሳከካት እንደሆነ በዚያ በለቀቀው ብረት ትታከክ ነበር። መጨረሻ ላይ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ፣ በቤቷ ሶማሊኛ የሚነገር፣ አባቷ የጭነት መኪና የሚነዳ ልጅ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ሶማሊኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር አባቷ ብዙ ጊዜ እየተጠራ ይጠየቃል። ይህም ሆኖ እሷ አንደበቷ አይታሰርም።

«ሳጥኑ አለ አይደል?» አለችኝ።

«ሳጥኑ እኮ ሰው ለማስያዝ ነው።»

«አቦ፣ ሳጥን ሳጥን ነው። ወረቀት ይውጣል። ሰው ጠቁሙ ከተባለ ብረትም ይጠቆማል።»

ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ብናገር ማን እንደላከኝ፣ አባቴ ምን እንደሚያወራ፣ ከማን ጋር እንደምውል ይጠየቃል። ወረቀቱ ስም ከሌለው የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የሚመረመር ነገር ቢቀር የታንከሩ እግር ብቻ ነው። እንዲህ አድርጌ አሰብኩ፤ የልጅ ነገር ነው።

የደብተር ወረቀት ያሳብቃል ብለን ፈራን። ጓደኛዬ ከአባቷ መኪና ውስጥ የሲጋራ ፓኮ አመጣችና ቀደን በነጩ በኩል ጻፍኩበት። ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ የመጽሐፍ ፊደል አስመስዬ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየሣልኩ ነበር የጻፍኩት፤ «የታንከሩ አንድ እግር ከመሠረቱ ለቋል። ልጆች ላይ ሊወድቅ ነው። እባካችሁ እዩት።» ይኸው ነው። እባካችሁ የሚለውን እሷ ናት ያስጨመረችኝ።

ኮሪደሩን በየተራ እየጠረግን ሳጥኑንና መስኮቱን መወልወል የእኛው ሥራ ነበር። የእኛ ዴስክ ተራ ሲደርስ እሷ ወለሉን ስትጠርግ እኔ ሳጥኑን ወለወልኩ። ወረቀቱ ጨርቁ ውስጥ ነበር። ቀዳዳው ላይ ስደርስ ገፋሁት። ሲወድቅ ድምፅ ያሰማ መሰለኝ፤ እሷ ግን ምንም አልሰማሁም አለች።

ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ የእኔ ወረቀት ብቻ እንደነበረ የሰማሁት ኋላ ነው። በማግስቱ በሰልፍ ላይ የፖለቲካ አስተማሪው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ይህ ሳጥን የአብዮት ጠላት የሚጋለጥበት ነው። ጠላት ራሱ ተጠቅሞበታል። ሕዝቡ በላቡ የጠገነውን ንብረት ሊወድቅ ነው እያለ ሽብር ይነዛል። ይህን የጻፈ ወደ ፊት ይውጣ!»

ማንም አልወጣም። እኔ የፊቴን ልጅ ማጅራት እያየሁ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ ከኋላው ቆመው ነበር፤ ከንጉሡ ጊዜ ጀምረው ያስተማሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

ከዚያ አስተማሪው በየክፍሉ እየዞረ የእጅ ጽሕፈት ሊመረምር ተነሳ። እያንዳንዳችን ወረቀት አውጥተን እሱ የሚለውን እንድንጽፍ አዘዘ። የሚያጽፈው ግን ሌላ ነገር አልነበረም፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። «የታንከሩ አንድ እግር ከመሠረቱ ለቋል። ልጆች ላይ ሊወድቅ ነው።» በጥራት፣ ቀስ እያለ፣ ነጥቡን ሳይቀር እየነገረ አጻፈን። እንደዚህ እያደረገ ትምህርት ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ገና ፊደል የሚቆጥሩት ሳይቀሩ ከሰሌዳ ላይ እያዩ ገለበጡ።

በዚያን ቀን ዕረፍት ላይ ታንከሩ ስር አንድም ልጅ አልቆመም። ቧንቧው ብቻውን ይንጠባጠባል። ተማሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እየተጠማ ያን እግር ያያል። እስከዚያ ቀን ልብ ያላለው ሁሉ ልብ አለው። አንዳንዱ ጠጋ ብሎ ክፍተቱን አይቶ እየሮጠ ይመለሳል።

የፖለቲካ አስተማሪው ከቢሮ ወጥቶ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እየተንጎራደደ ሄደና ቧንቧውን ከፍቶ በእፍኙ ጠጣ።

«ይኸው! ምን ሆንኩ? ኑ ጠጡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ንፋስ መጣ፣ ታንከሩም ያን የበር ድምፁን አሰማ። አስተማሪው አፉን እየጠረገ ከስሩ ወጣ። አልሮጠም፤ አረማመዱ ግን ሲገባ እንደነበረው አልነበረም። አንድ ልጅ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ጽሕፈቱን ቢያመሳክር ቢያመሳክር የሚመስል አጣ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ያየው ይመስለኛል። የሲጋራው ፓኮ ከውጭ በኮንትሮባንድ የሚገባ ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለውን የሚያጨሱት ብዙ ጊዜ ሾፌሮች ናቸው። በነጋታው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጥቶ ጓደኛዬን በስሟ ጠራት። ተነስታ ወጣች። ወደ እኔ አልዞረችም።

አንድ ክፍለ ጊዜ አለፈ፣ አልመጣችም። ሁለተኛውም አለፈ። ሒሳብ እየተማርን ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን አያለሁ፣ ምንም አልገባኝም። ጋራዥ ይሠራ የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ፤ እናቱም ትዝ አለችኝ። መምህሩን ሽንት ቤት ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁና በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

ጓደኛዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አታለቅስም። ዳይሬክተሩ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። የፖለቲካ አስተማሪው የለም። ኋላ እንደሰማሁት የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሊጠራ ሄዶ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷን ልቀቋት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ስምሽን ጽፈሽበታል?»

«አልጻፍኩም።»

«ሳጥኑ ውስጥ ስትከቺ ያየሽ ሰው አለ?»

ጓደኛዬን አየኋት። «የለም» አልኩ።

«እንግዲያው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔም የነገርሽኝን አልሰማሁም። ማስመሪያ አለሽ?»

ጥያቄው ግራ ገባኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ሁለታችሁም ወደ ክፍላችሁ» አሉ።

«እሱ ሲመጣስ?» አለች ጓደኛዬ። ከገባሁ በኋላ ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው።

«እሱን ለእኔ ተዉት።»

የእኛ ክፍል መስኮት ወደ ግቢው ስለሚያይ የቀረውን ሁላችንም አየን። አስተማሪው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር በበሩ ሲገባ ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮ አላስገቧቸውም። ግቢው መካከል ጠብቀው ወደ ታንከሩ ወሰዷቸው። ሊቀ መንበሩ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው ማስመሪያውን ክፍተቱ ውስጥ ሰደዱ፤ ከዚያ ጎትተው አወጡና ለሊቀ መንበሩ ሰጡት። እሱም ተንበርክኮ ሰደደው። ቀጥሎ እጁን ሰደደ። ተነስቶ ቀና ብሎ ታንከሩን አየና ወደ ኋላው አፈገፈገ። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሆነን ሰማነው።

«ይሄማ ሰው ይፈጃል! የኔም ልጅ እኮ እዚህ ነው የሚማረው! ምን ትጠብቃላችሁ?»

አስተማሪው ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ሊያሳየው ሞከረ። ሊቀ መንበሩ እጁን አወናጨፈበት። «ወረቀቱን ተወው አንተ፣ ውሃውን አፍስስ!»

ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ውሃው በግቢው ላይ ፈሰሰ፣ አቧራው ጭቃ ሆነ። በዕረፍት ሰዓት ሕፃናቱ ጫማቸውን አውልቀው ሲራጩበት ማንም አልከለከላቸውም። ዘበኛው ደግሞ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተቱ ታንከሩን ዙሪያውን አጠሩት።

ያን ቀን ከጓደኛዬ ጋር የደረቁን ወንዝ አሸዋ መሻገር ጀመርን። መካከል ላይ ስንደርስ ጠየቅኋት።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ስላንቺ?»

«አዎ።»

«ወላሂ ስላንቺ አልጠየቁኝም። ስለ ታንከሩም አልጠየቁኝም።» ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች። «አባትሽ የት የት ይሄዳል፣ ከማን ጋር ይበላል፣ ማታ ሬዲዮ ምን ይሰማል፤ ይኼን ነው ሲጠይቀኝ የዋለው። እኔ ደሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የመለስኩት። አባቴ ሲመጣ ደክሞት ስለሚተኛ ምንም አይሰማም አልኩት።»

አባቷ ለዚያ ጉዳይ አልተጠራም። ለምን እንዳልተጠራ አላውቅም፤ ዳይሬክተሩ ይሁኑ ሊቀ መንበሩ፣ ወይም ነገሩ ተረስቶ።

ታንከሩ የወደቀው የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ድሬ ላይ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነሳው አቧራ ግቢውን አጨለመው፣ መስኮቶቹ ተንጓጉ። ከዚያ መሬቱ ሲናወጥ ተሰማን። አቧራው ሲገለጥ ታንከሩ በጎኑ ተኝቷል። ቧንቧው፣ የምንሰለፍበት ሲሚንቶና የእንጨት ሥራ ክፍሉ አንድ ግድግዳ ከስሩ ሆነዋል። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ባዶውን ነው የወደቀው። መምህራችን ትምህርቱን አቁመው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ብቻ በአጠገባችን ባለው ክፍል ውስጥ መዝሙራቸውን ቀጥለዋል።

ለአባቴ ስነግረው ሱቁን ያለ ሰዓቱ ዘጋ። ማን ጻፈው ብሎ አልጠየቀኝም። ቤት እስክንደርስ ድረስ ክንዴን ይዞኝ ሄደ። እንዲህ አድርጎ ይዞኝ የሚያውቀው ገና ሕፃን ሳለሁ፣ መንገድ ስንሻገር ነበር።

በወላጆች ስብሰባ ላይ የፖለቲካ አስተማሪው ተነስቶ ሳጥኑ የተማሪውን አብዮታዊ ንቃት እንዳረጋገጠ ተናገረ። አጨበጨብንለት። የተናገረው ከልቡ ይሁን ከፍርሃት አልገባኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ሳጥኑን የሚከፍቱት ዳይሬክተሩ ብቻቸውን ሆኑ፤ አንድም ወረቀት በሰልፍ ላይ አልተነበበም።

ያኔ ነው ሳጥኑ መሙላት የጀመረው። ምን ምን እንደተጻፈ የምናውቀው በሚስተካከለው ነገር ነው። አንድ ቀን የሴቶች ሽንት ቤት የተሰነጠቀ ወለል በአዲስ ይተካል። ሌላ ቀን ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጣሪያ ስር የተርብ ጎጆ ይነሳል። ልጆችን በዳስተር ጭንቅላታቸውን የሚመታ አንድ መምህር ነበር፤ ቢሮ ተጠርቶ ከተመለሰ በኋላ ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ቀልድ የሚጽፉም ነበሩ፤ የሒሳብ ፈተና ለጤና አደገኛ ነው ብሎ የጻፈ እንዳለ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነክሰው ነገሩን።

በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ለምን እንደተዛወሩ አልተነገረንም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከላቦራቶሪው በር በላይ ተላጦ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ በአዲስ ሲቀየር አየን። እኔና ጓደኛዬ ያን ሽቦ አላየነውም ነበር፤ ማን አይቶ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅንም።